ጥቁሩ የራስ ቁር፦ ውዱ ተገጣጣሚ መጫወቻ ለልጅ የሚገዛ ነውን?

በአቃቂ ቃሊቲ የልጆች መጫወቻ በሁለት መንገድ ወደ ቤት ይገባል። አንደኛው በኮንቴይነር ተጭኖ፣ በጉምሩክ አልፎ፣ በመርካቶ ጅምላ ሻጮች እጅ ዞሮ ወደ ሰፈር ሱቅ የሚደርሰው ነው። ሁለተኛው ከባሕር ማዶ የመጣ ዘመድ ከሻንጣው የሚያወጣው ስጦታ ነው። «ሌጎ» በሚል ስም የሚታወቁት ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ጡቦች በብዛት የሚመጡት በሁለተኛው መንገድ ሲሆን፣ አስመስለው የተሠሩት አምሳያዎቻቸው ግን በአንደኛው ይገባሉ። በእነዚህ ጡቦች ዛሬ የሚሠራው ቤትና መኪና ብቻ አይደለም። ከፊልም የተወሰዱ ጀግኖችና ጨካኞችም በሳጥን በሳጥን ተዘጋጅተው ይሸጣሉ።

ከጨካኞቹ መካከል በጣም የታወቀው ዳርዝ ቬደር ነው። የራስ ቁሩን የሚያሳየው የሌጎ ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2021 ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ የምርት ቁጥሩ 75304 ነው። በውስጡ 834 ቁራጮች አሉት። ተገጣጥሞ ሲያልቅ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ያለው፣ በመቆሚያ ላይ የተቀመጠ ጥቁር የራስ ቁር ይሆናል። ሳጥኑን ያየ ልጅ ሁሉ መመኘቱ አይቀርም፤ የወላጅ ጥያቄ ደግሞ ገንዘቡ ይገባው እንደሆነ ነው። መልሱ የሚጀምረው በሳጥኑ ላይ ካለው ሥዕል ሳይሆን ከጎኑ ከተጻፈችው ትንሽ ቁጥር ነው። ቁጥሯ «18+» ትላለች።

አስቀድሞ ግን ስለ ባለ ቁሩ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ዳርዝ ቬደር አሜሪካዊው ጆርጅ ሉካስ በሠራውና እ.ኤ.አ. በ1977 መታየት በጀመረው «ስታር ዋርስ» ፊልም ውስጥ ያለ ገጸ ባሕርይ ነው። አካሉን ዴቪድ ፕራውስ፣ ድምፁን ጄምስ ኧርል ጆንስ ተጫውተውታል። የራስ ቁሩን የነደፈው ሠዓሊ ራልፍ ማክኳሪ ሲሆን፣ ቅርጹ የጥንት ጃፓን ተዋጊዎችን ቁር ያስታውሳል። በታሪኩ መሠረት ጭንብሉ ጌጥ አይደለም፤ ሰውነቱ በእሳት የተጎዳው ሰውዬ የሚተነፍስበት መሣሪያ ነው። በ1980 በወጣው ተከታይ ፊልም ይህ ጨካኝ የጀግናው አባት መሆኑ ይገለጣል፤ በ1983ቱ ደግሞ ልጁን ለማዳን ሲል ይሞታል። ስለዚህ «ለልጄ የክፉ ሰው ምስል ልግዛለትን?» ብሎ የሚጨነቅ ወላጅ በዚህ በኩል ብዙ ሥጋት ሊገባው አይገባም። በእኛም ተረት ጅብ ከሌለ ጀግና የለም፤ ልጆችም ጅቡን መሆን ይወዳሉ። በነገራችን ላይ ኩባንያው ራሱ ከፊልሙ ባለቤቶች ጋር ተስማምቶ በ1999 የመጀመሪያዎቹን ስብስቦች ከማውጣቱ በፊት፣ «ጦርነት» የሚል ቃል ያለበት ስም በልጆች መጫወቻ ላይ መታየቱ በኃላፊዎቹ መካከል ክርክር አስነሥቶ ነበር።

ወደ ሥራው እንመለስ። ሳጥኑ ሲከፈት የሚገኘው ብዙ ከረጢትና አንድ የመመሪያ መጽሐፍ ነው። መመሪያው በሥዕል ብቻ የሚናገር በመሆኑ የትኛውንም ቋንቋ ማንበብ አያስፈልግም፤ ይህ ከመልካም ጎኖቹ አንዱ ነው። ሥራው ከውስጥ ወደ ውጭ ይሄዳል። አስቀድሞ ከውጭ የማይታይ ጠንካራ መዋቅር ይቆማል፤ ከዚያም ጉብታቸው ወደ ጎን በሚመለከት ቁራጮች ላይ የፊቱና የጀርባው ሽፋን ይለጠፋል። ቤት የሠራ ሰው ይህን አሠራር ወዲያው ይረዳዋል፤ እንጨቱ ቆሞ፣ ማገሩ ተመትቶ፣ ጭቃው በመጨረሻ እንደሚለሰነው ማለት ነው። ከአራት ማዕዘን ቁራጮች ክብ ቅርጽ እንዴት እንደሚወጣ ማየት ለአዋቂም ትምህርት ይሰጣል። የቬደር ቁር ሾጣጣ አፍንጫና ወደ ታች እየሰፋ የሚወርድ ዳርቻ ስላለው፣ ዘዴው በግልጽ ይታያል።

ችግሩ ቀለሙ ነው። አብዛኛው ቁራጭ ጥቁር በመሆኑ፣ አንዱን ትንሽ ጥቁር ቁራጭ ከሌላው ለመለየት ጥሩ ብርሃን ይፈልጋል። መብራት በጠፋበት ምሽት በሻማ የሚሞከር ሥራ አይደለም። ለሰባትና ለስምንት ዓመት ልጅ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተመሳሳይ ጥቁር ቁራጮችን እየፈለጉ ለሰዓታት መቀመጥ ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ እንደ ምስር ለቀማ አሰልቺ ይሆንበታል።

ሥራው ካለቀስ በኋላ? ቁሩ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። አይከፈትም፣ አይሽከረከርም፣ በራስ ላይም አይደፋም፤ ከ20 ሴንቲ ሜትር የማይርቅ ቁር ለሕፃን ራስም አይበቃም። በሌሎች የሌጎ ሳጥኖች ውስጥ የሚገኙት ትንንሽ ሰዎችም በዚህኛው ውስጥ የሉም። ይህ ጉድለት ሆኖ አይደለም፤ ዕቃው ከመጀመሪያው የታሰበው ፊልሙን በልጅነታቸው አይተው ላደጉና ቤታቸውን በእርሱ ማስጌጥ ለሚፈልጉ አዋቂዎች ነው። «18+» የሚለው ቁጥርም ይህንኑ ይናገራል። አደገኛ ነገር አለው ለማለት ወይም ሥዕሉ ለልጅ ዓይን የማይመጥን ነው ለማለት አይደለም። የተሠራውም የተሸጠውም ለአዋቂ ነው ማለት ነው። ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ መጫወቻ የሚል ስም ስላለው ለልጅ የተሠራ ይመስለዋል።

ከደኅንነት ጋር የተያያዘው ቁጥር ሌላ ነው። ትንንሽ ቁራጮች ባሉት ማንኛውም መጫወቻ ላይ ዕድሜያቸው ከ3 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት እንደማይሆን የሚያሳይ ምልክት ይታተማል፤ ክብ ውስጥ «0-3» ተጽፎ፣ የሕፃን ፊት ተሥሎ፣ በላዩ መሥመር የተሰመረበት ነው። ይህን ምልክት ቸል ማለት አይገባም። የሕፃን አየር ቧንቧ ጠባብ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ የሚመረምረው በአፉ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ የመጫወቻ መርማሪዎች ዲያሜትሩ 31.7 ሚሊ ሜትር የሆነ ትንሽ ሲሊንደር ይጠቀማሉ፤ ተጨምቆ ሳይሆን በራሱ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ የገባ ቁራጭ ለታናናሾች የተከለከለ ነው። በቤት ውስጥ የሶፍት ጥቅል ሲያልቅ የሚቀረው የካርቶን ቱቦ ለዚህ ያገለግላል። ቱቦው ከመርማሪዎቹ ሲሊንደር ትንሽ ሰፋ ስለሚል የበለጠ ጥንቃቄ እንጂ ያነሰ አይሆንም። በቱቦው ውስጥ የሚያልፍ ቁራጭ ሁሉ ሕፃን በሚድህበት ወለል ላይ መገኘት የለበትም። ከ834ቱ ቁራጮች የሚበዙት እንደሚያልፉ ለማወቅ መሞከርም አያስፈልግም።

ታላቅ ወንድም የሚጫወትበት፣ ታናሽ እኅት የምትድህበት አንድ ክፍል ባለበት ቤት ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ልጅ ቁራጭ ውጦ ቢያንቀውና በኃይል መሳል ከቻለ፣ እንዲስል ማበረታታት እንጂ ጣት አስገብቶ መፈለግ አይገባም፤ ጣት ቁራጩን ወደ ውስጥ ሊገፋው ይችላል። መሳልም ማልቀስም መተንፈስም ካቃተው ግን ጊዜ አይሰጥም። ከአንድ ዓመት በታች የሆነውን ሕፃን ራሱ ዝቅ እንዲል አድርጎ በክንድ ላይ በደረቱ ማስተኛት፣ በትከሻዎቹ መካከል በመዳፍ ተረከዝ 5 ጊዜ መምታት፣ ካልወጣ በጀርባው አዙሮ የደረቱን መሐል በሁለት ጣት 5 ጊዜ መጫን ያስፈልጋል። ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነው ከጀርባ ምት ቀጥሎ ከእንብርቱ በላይ በጡጫ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ መጫን ነው። ቁራጩ እስኪወጣ ሁለቱ ይፈራረቃሉ፤ በዚያው ቅጽበት ሌላ ሰው የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 ወይም የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት አገልግሎትን በ939 ይጥራ።

የሌጎ ጡብ ራሱ እንዴት መጣ የሚለው ለአርሶ አደር አንባቢ እንግዳ ታሪክ አይደለም። ቢሉንድ በምትባል የዴንማርክ የገጠር መንደር ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን የተባለ አናጢ ነበር። ደንበኞቹ በአካባቢው ያሉ ገበሬዎች ነበሩ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ዓለምን የመታው የኢኮኖሚ ድቀት የእህል ዋጋ ሲጥል፣ ገበሬው ቤት የሚያሠራበት ገንዘብ አጣ፤ አናጢውም ሥራ ፈታ። በ1932 መሰላልና በርጩማ፣ ከእነርሱም ጋር ከእንጨት የተሠሩ የልጆች መጫወቻዎችን መሥራት ጀመረ። በዴንማርክኛ «በደንብ ተጫወት» ከሚለው ሐረግ የተወሰደው «ሌጎ» የሚለው ስም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተሰጠው። በ1949 የመጀመሪያዎቹ የፕላስቲክ ጡቦች ወጡ። ዛሬ የምናውቀው፣ ከሆዱ ቱቦ ያለውና ሲገጠም አጥብቆ የሚይዘው ጡብ የባለቤትነት መብቱ የተመዘገበው ጥር 1958 እ.ኤ.አ. ነው። የዚያን ዓመት ጡብ ዛሬ ከተሠራው ጋር ይገጥማል።

ይህ መግጠም ቀላል ነገር አይደለም። ጡቡ ከ1963 ጀምሮ የሚሠራው ኤቢኤስ ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ሲሆን፣ ወደ 230 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሞቆ ከቀለጠ በኋላ በትልቅ ግፊት ወደ ብረት ቅርጽ ማውጫ ይገባል። ሲቀዘቅዝ የሚሸመቅቀው መጠን አስቀድሞ የታወቀ ነው። በጡብና በጡብ መካከል የሚፈቀደው ልዩነት ከፀጉር ውፍረት ያንሳል። ከዚህ ቢላላ ቤቱ ይፈርሳል፤ ቢጠብቅ የልጅ ጣት አይለያየውም። ዋጋው የሚወደድበት አንዱ ምክንያት ይኸው የቅርጽ ማውጫ ጥራት ነው፤ ሌላው ደግሞ ለፊልሙ ባለቤት የሚከፈለው የስም ኪራይ ነው።

ለወላጅ የሚጠቅመው ቁምነገር ግን በሒሳብ ይገኛል። ስምንት ስምንት ጉብታ ያላቸው፣ ቀለማቸው አንድ የሆነ ሁለት ተራ ጡቦች በ24 ዓይነት መንገድ ይገጣጠማሉ። ሦስት ሲሆኑ በ1,060 መንገድ፤ ስድስት ሲሆኑ በ915,103,765 መንገድ። ይህን ያሰሉት የዴንማርክ የሒሳብ ሊቃውንት ናቸው። በአንድ ወገን ስድስት ጡብ ብቻ ይዞ ዕድሜ ልክ የማያልቅ ነገር መሥራት የሚችል ልጅ አለ፤ በሌላ ወገን 834 ቁራጭ ይዞ፣ መመሪያውን ተከትሎ፣ ወደ አንድ ቁር ብቻ የሚደርስ ሰው አለ። የቬደሩን ቁራጮች ፈትቶ ሌላ ነገር መሥራት በእርግጥ ይቻላል። ሆኖም ብዙዎቹ ለአንዱ ቅርጽ ብቻ የተመረጡ ጥምዝና ዝርግ ትንንሽ ቁራጮች በመሆናቸው፣ ቤት ወይም ድልድይ ለመሥራት የሚፈልግ ልጅ የሚመካባቸው ተራ ጡቦች በቂ አይደሉም። ለልጅ የሚገዛ ከሆነ ቁር ሳይሆን ተራ ጡብ ይገዛ፤ ትልቅና ውብ ሳጥን ሳይሆን ጥቂት ነገር ግን የሚደጋገም ቅርጽ ያለው።

ዋጋውም ይህንኑ ይመክራል። ስብስቡ በአሜሪካ ገበያ ሲወጣ በ70 ዶላር ገደማ፣ በኋላም በ80 ዶላር ገደማ ተሽጧል። የብር ምንዛሪ በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል። አንዱ ዶላር 100 ብር ብቻ ነው ተብሎ በዝቅተኛ ግምት ቢሰላ እንኳ 80 ዶላር 8 ሺህ ብር ነው፤ ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይታሰብ። ከ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው ደመወዝ 6 ሺህ ብር መሆኑን ከዚህ ጋር ማስተያየት ነው። በስጦታ የመጣለት ቤት በደስታ ይቀበለው። ከደመወዝ ወይም ከጤፍ ሽያጭ ቀንሶ ለልጅ መግዛት ግን ምክንያት የለውም።

በዚህ ዋጋ የተነሣ ብዙዎች ወደ አምሳያው ይዞራሉ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት አለበት። የጡቡ ቅርጽ የማንም የግል ሀብት አይደለም፤ የባለቤትነት መብቱ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል፤ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በ2010 እ.ኤ.አ. የጡቡ ቅርጽ በንግድ ምልክትነት ሊያዝ እንደማይችል ወስኗል። ስለዚህ በራሱ ስምና በራሱ ንድፍ ተገጣጣሚ ጡብ የሚያመርት ፋብሪካ ሌባ አይባልም። ኩባንያው ራሱ የመጀመሪያውን ጡብ የሠራው «ኪዲክራፍት» የተባለውን የእንግሊዝ መጫወቻ አይቶ ነው። ሌብነቱ ሳጥኑን፣ ሥዕሉንና ንድፉን እንዳለ መገልበጥ ነው። «ሌፒን» በሚል ስም ይህን ያደርግ የነበረ የቻይና አምራች በ2019 በፖሊስ ተይዞ፣ በ2020 የሻንጋይ ፍርድ ቤት ዋናውን ኃላፊ በ6 ዓመት እሥራትና በ90 ሚሊዮን ዩዋን ቀጥቶታል።

ለገዢ ግን ከሕጉ ይልቅ የሚያሳስበው የዕቃው ጥራት ነው። በእውነተኛው ጡብ እያንዳንዱ ጉብታ ላይ የኩባንያው ስም በትንሹ ጎልቶ ይነበባል፤ በጥፍር ሲዳሰስም ይታወቃል። ስም የሌለው ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ይሁንና ጠርዙ እጅ የሚቧጭር፣ ሲታጠፍ የሚሰበርና ስለት የሚያወጣ፣ ሳጥኑ ሲከፈት ኃይለኛ የቀለም ሽታ ያለው፣ ቀለሙ በእርጥብ ጨርቅ ሲታሽ የሚለቅ ከሆነ መመለስ ይሻላል። መብራት ወይም ድምፅ ያለው ከሆነ የባትሪው ክዳን በብሎን የታሰረ መሆኑን ማየት የግድ ነው። የአዝራር ቅርጽ ያላት ባትሪ በልጅ ጉሮሮ ከተቀረቀረች በሰዓታት ውስጥ ሥጋ ታቃጥላለች፤ ለዚያ ሐኪም ቤት እንጂ የቤት ውስጥ መፍትሔ የለውም።

አቃቂ ላይ ሆኖ ስለ ተገጣጣሚ ጡብ ሲወራ፣ እግር ሥር ያለውን አፈር አለማንሣት አይቻልም። የአካባቢው አርሶ አደር መረሬ ወይም ኮትቻ የሚለው ጥቁር አፈር በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይሸፍናል። ልጆችም በክረምት መጨረሻ ጭቃውን አቡክተው ላምና በሬ፣ ጀበናና ቤት ይሠሩበታል። ለመቅረጽ እጅግ ይመቻል፤ ሲደርቅ ግን የላሟ ቀንድ ይወድቃል፣ ሆዷም ይተረተራል። ምክንያቱ በበጋ ማሳውን እግር እስኪያስገባ ድረስ የሚሰነጥቀው ነው። በዚህ አፈር ውስጥ ያለው የሸክላ ዓይነት ውኃ በቅጠል በቅጠል በተነባበረው ገላው መካከል ያስገባና ያብጣል፤ ውኃው ሲወጣ በዚያው ልክ ይሸመቅቃል። ውጩ ቶሎ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሲሆን ሁለቱ ይጓተታሉ፤ ስንጥቁ የሚመጣው በዚህ ነው። ከጥቁር ጭቃ እንደ ሌጎ የሚገጥም ጉብታና ቀዳዳ ለመሥራት የሚሞክር ልጅ ሁሉ የሚሸነፈውም እዚህ ላይ ነው። ፕላስቲኩ የሚሸመቅቀው በታወቀ ልክ ነው፤ ጭቃው የሚሸመቅቀው እንደ ውኃው መጠን ነው።

መፍትሔውን የጭቃ ቤት የሠራና ምጣድ ያበጀች ሁሉ ያውቁታል፤ የሚያብጠውን አፈር በማያብጥ ነገር መገደብ ነው። ለቤት ጭድ፣ ለሸክላ የተፈጨ ገል ወይም አሸዋ ይጨመራል። ለልጅ መጫወቻ ለሁለት እፍኝ አፈር አንድ እፍኝ የተነፋ አሸዋና በደቃቁ የተከተፈ የጤፍ ጭድ ይዞ መጀመር፣ ከዚያም እንደ አፈሩ መጨመር ይቻላል። የተሠራው ነገር ፀሐይ ላይ ሳይሆን ጥላ ውስጥ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ጡቦቹን ለማያያዝ ጉብታ ከመሥራት ይልቅ ጭቃው እርጥብ ሳለ ቀዳዳ በስቶ፣ ከደረቀ በኋላ የበቆሎ አገዳ ቁራጭ ማስገባት የተሻለ ይይዛል። አገዳው ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው ትንሽ ቢጠብ እንኳ ተጨምቆ ይገባል።

አፈሩ የሚወሰድበት ቦታ ግን ይመረጥ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች ከተማውን አቋርጠው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ሲወርዱ የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ይዘው ነው። በወንዙ ውኃ፣ በደለሉና በመስኖው በሚለሙ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ክሮሚየምና እርሳስን የመሰሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። የወንዝ ዳር ደለል ለስላሳና ለመቅረጽ የሚያጓጓ ቢሆንም ለልጅ እጅ የሚሆን አይደለም። ከወንዙ ርቆ ካለ ከፍ ያለ መሬት፣ የአረም መድኃኒት በቅርቡ ካልተረጨበት ቦታ ይቆፈር፤ ከጨዋታ በኋላም እጅ በሳሙና ይታጠብ።

እንጨትም አለ። ከአናጢ ቤት የሚጣለው የጣውላ ቁርጥራጭ በአንድ ልክ ተቆርጦ በብርጭቆ ወረቀት ቢለሰልስ፣ አናጢው ክርስቲያንሰን ከጀመረበት ያነሰ አይደለም። ርዝመቱ የወርዱ እጥፍ፣ ወርዱም የውፍረቱ እጥፍ ቢሆን፣ ልጁ ሁለቱን ትንንሽ ከአንዱ ትልቅ ጋር እያስተካከለ ሳያውቀው ክፍልፋይ ይማራል። ቀለም መቀባት ከተፈለገ እርሳስ የሌለው መሆኑን ቆርቆሮው ላይ አንብቦ ነው። በኢትዮጵያ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን እርሳስ ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ ገድቧል። የማይታወቅ የቆርቆሮ ትራፊ ከመቀባት እንጨቱን እንዳለ መተው ይሻላል።

ይህ የድሃ ማጽናኛ እንዳይመስል አንድ ነገር መጥቀስ ተገቢ ነው። የሌጎን ኩባንያ አንድ አራተኛ የያዘው የሌጎ ፋውንዴሽን በታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. ለዓለም አቀፉ የነፍስ አድን ኮሚቴ የ100 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ ማድረጉን አስታውቆ ነበር። ገንዘቡ ኢትዮጵያን ጨምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ለሚገኙ ስደተኞችና ተቀባይ ማኅበረሰብ ልጆች በጨዋታ የሚሰጥ ትምህርትን ለማስፋፋት የዋለ ሲሆን፣ መምህራን በአካባቢያቸው ከሚገኝ ቁሳቁስ የመማሪያ መጫወቻ እንዲያዘጋጁም ይደግፋል። በጡብ የተገኘው ገንዘብ ጡብ በማይገዛበት ቦታ በጭቃና በቆርኪ ያስተምራል ማለት ነው።

ጥቁሩ ሳጥን በስጦታ መጥቶ ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ መደበቅ አያስፈልግም። ዘጠኝና አሥር ዓመት የሞላው ታጋሽ ልጅ ከአዋቂ ጋር ጠረጴዛ ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ በየቀኑ አንድ ከረጢት ብቻ እየከፈተ ሊሠራው ይችላል። ቁራጮቹ በጠርዘ ከፍታ ትሪ ላይ ይፈሰሱ፤ ወለል ላይ የወደቀው ከመኝታ በፊት ይለቀም። መመሪያው ቢጠፋ 75304 የሚለውን ቁጥር ይዞ ከኩባንያው ድረ ገጽ በነጻ ማውረድ ይቻላል። የበጋው አቧራ ጥቁር ላይ ቶሎ ስለሚታይ፣ ቁሩ ተፈትቶ ከ40 ዲግሪ ባልበለጠ ለብ ያለ ውኃና ሳሙና ይታጠባል። በፈላ ውኃ የታጠበ ጡብ ቅርጹ ይጣመማል፤ ከዚያ ወዲያ አይገጥምም።